የአራተኛው በርሜል ሽታ

አባባን በሥራ ቦታ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ «አፍንጫው» ነበር የሚሉት፤ አክብሮት የሚያበዙት ደግሞ «ጋሼ አፍንጫው»። ተቀይሞ አያውቅም። ስልክ ሲያነሳ እንኳ «አፍንጫው ነኝ፣ ማን ልበል?» ይል ነበር። ስሙን የማትወደው እናቴ ብቻ ናት። «እኔ ሙሉ ሰው አግብቼ እነሱ ቁራሹን ይጠሩብኛል» ትላለች። እሱም «ሆዱ ስላላሉኝ አመስግኚ» ይላታል።

የሚሠራበት ድርጅት ወይን ጠጅ ይጠምቃል። አብዛኛው ምርት በትልልቅ የብረት ታንከር ተዘጋጅቶ በዓመቱ ተሸጦ ያልቃል፤ «ለዚያ የሚያስፈልገው አፍንጫ ሳይሆን የጭነት መኪና ነው» ይል ነበር አባባ። የእሱ ሥራ ከመጋዘኑ ሥር ባለው ምድር ቤት ነው። እዚያ የሚቀመጠው ሠራተኛው ሁሉ «ግትሯ» ከሚላት የወይን ዘር የተጠመቀ ነበር። ግትሯ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ አንድ ቁልቁለት በቀር የትም አትበቅልም። በሁለት ዓመት አንዴ ብታፈራ ነው፤ ፍሬዋ ከአተር እምብዛም አይበልጥም፣ ቆዳዋ ደግሞ እንደ ጫማ ይወፍራል። ሌላ ቦታ ወስደው የተከሏትን ሁሉ ቅጠል ብቻ አሳይታ ሸኝታቸዋለች። ጭማቂዋ ገና እየፈላ ሳለ ጠንካራ አልኮል ይጨመርበታል፤ ያን ጊዜ መፍላቱ ቀጥ ይላል፣ ጣፋጭነቱ ውስጡ ይቀራል፣ ጉልበቱም ይበረታል። እንዲህ ያለው ወይን ዕድሜ ይወዳል። በእንጨት በርሜል ሃያም ሠላሳም ዓመት ይቀመጣል፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየተነነ ይጎድላል፣ የሚቀረው ይጠቁራል፣ ይወፍራል።

ጉዱ ግን በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጭማቂ የተሞሉ በርሜሎች እንኳ አንድ ዓይነት ሆነው አለማርጀታቸው ነው። አንዱ ግድግዳ ተጠግቶ ይቀዘቅዛል፣ አንዱ በበሩ በኩል ሙቀት ያገኛል፣ የአንዱ እንጨት ይለግማል። ከአንድ ማኅፀን ወጥተው አንዷ ሳቂታ አንዷ አኩራፊ እንደሚሆኑት እህትማማቾች ማለት ነው። አባባ በዓመት አንድ ሳምንት ሙሉ እነዚህን እያወዳደረ ይቀምሳል፤ የትኛው ለብቻው ይቆይ፣ የትኛው ከየትኛው ይቀላቀል፣ የትኛው አልቆለታል የሚለውን የሚወስነው እሱ ነበር።

እኔ ጸሐፊው ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመት መቅመሻ ክፍሉ ጥግ ላይ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጬ ከአፉ የወጣውን ጽፌያለሁ። ክፍሉ ነጭ ሸክላ የተለጠፈበት፣ አንድ ትልቅ መስኮትና አንድ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያለው ነው። ሽቶ ተቀብቶ መግባት ክልክል ነው፤ እኔ እጄን የምታጠበው እንኳ ሽታ በሌለው ሳሙና ነበር። አባባ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቶ ቀለሙን ያያል፣ አንዴ አሽትቶ ያርፋል፣ ደግሞ ያሸታል፣ ይጎነጫል፣ ባልዲው ውስጥ ይተፋል፤ ከዚያ ይናገራል። እንደ መጽሐፍ አይናገርም። «ይሄ ገና ከራሱ ጋር ይጨቃጨቃል» ይላል። «ይሄ ዝም ያለው ተኝቶ ነው፣ አትቀስቅሱት።» «ይሄ ብርቱካን ልጣጭ፣ የተቆላ ለውዝ፣ ከኋላ ደግሞ የተወለወለ እንጨት፤ ኩራተኛ ነው፣ ግን የሚኮራበት አለው።» አንድም ቃል ሳላስቀር እጽፋለሁ። ቀምሼ ግን አላውቅም። እሱ ነው የከለከለኝ። «የምትጽፊው አንቺ ከቀመስሽ የራስሽን ትጽፊያለሽ። እኔ የምፈልገው የእኔን ነው» አለኝ ገና በመጀመሪያው ቀን።

ሦስት ጊዜ ተተኪ እንዲሰጡት በጽሑፍ ጠይቋል። ሦስቱንም ደብዳቤ የተየብኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜም «ለከርሞ ይታያል» የሚል መልስ መጣ።

ግትሯ ሥሯን በሽታ መታት። ቁልቁለቱ ላይ የነበረው ተክል በአንድ በጋ ጠወለገ፤ ነቅለው አቃጠሉት፣ መሬቱም ለሌላ ነገር ዋለ። ስለዚህ ምድር ቤት ያለው ካለቀ አለቀ ማለት ነበር። ከቀረው ውስጥ የሚያኮራው የአንድ ዓመት ምርት ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላው፣ አምስት በርሜል። የድርጅቱ ባለቤቶች ተሰብስበው ወሰኑ፦ ከአምስቱ ምርጡ በአባባ ተመርጦ ለብቻው ጠርሙስ ይግባ፣ አራቱ አንድ ላይ ይቀላቀሉ። የተቀላቀለ ወይን ደግሞ ተመልሶ አይለያይም።

በዚያው ዓመት አባባ ጉንፋን ያዘው። ጉንፋን እንበለው እንጂ አሥር ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ጣለው። ሲነሳ ምግብ አልጥም አለው፤ እናቴ የሕመም ድካም ነው ብላ ሾርባ በላይ በላዩ ታቀርብለት ነበር። እሱም ዝም ብሎ ይጠጣል። ሥራ ቦታ የመቅመሻው ሳምንት ገና ስለነበር ማንም ምንም አላየም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ እህቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። እኔ አንዳንድ ነገር ገዝቼ ስመለስ የቤቱን በር ከመክፈቴ ጋዙ ፊቴን መታኝ። ሮጬ ወጥ ቤት ገባሁ። አባባ መነጽሩን አድርጎ፣ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ እርሳስ ይዞ የቃላት ጨዋታ እየሞላ ነው። ከጎኑ ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያው ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶታል፤ ጋዙ ግን «ስስስ» እያለ ይወጣል።

«መጣሽ?» አለኝ ቀና ብሎ። «ሻዩ እስኪፈላ እየጠበቅኩ ነው። ዛሬ ምነው እንዲህ ዘገየ?»

ምድጃውን ዘጋሁ፣ መስኮቱን በረገድኩ፣ ክንዱን ይዤ እየጎተትኩ በረንዳ ላይ አወጣሁት።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ምን አየሽ?»

«አባባ፣ ጋዝ እኮ ነው። ቤቱ ሙሉ ጋዝ ነው።»

ወደ ወጥ ቤቱ ዞረ። አንዴ አሸተተ፣ አረፈ፣ ደግሞ አሸተተ፤ ሥራ ላይ ሺህ ጊዜ እንዳየሁት አድርጎ። ፊቱ ላይ ምንም አልመጣም። የሚፈልገውን ነገር ኪሱ ውስጥ አጥቶ እንደገና እንደሚዳብስ ሰው ለሦስተኛ ጊዜ አሸተተ። ከዚያ በረንዳው ላይ ባለችው በርጩማ ቁጭ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ከተነሳሁ ጀምሮ። ይመለሳል ብዬ ነበር።» ቆይቶ ደግሞ «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለኝ።

አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዓይኑን አስጨፍና ትንንሽ ብልቃጦች አፍንጫው ሥር እያደረገች «ይሄስ? ይሄስ?» አለችው። እሱ «ምንም» ይላል፣ «ምንም»፤ አንዱ ላይ «ያቃጥላል» አለ፤ እሷ ግን ማቃጠልና ማሽተት ይለያያሉ አለችን። ጉንፋኑ የሽታውን ነርቭ ጎድቶታል፤ በወር ሊመለስ ይችላል፣ በዓመት ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል።

«መድኃኒቱስ?» አለ አባባ።

«ለጊዜው ትዕግሥት ነው።»

«እሱ የትኛው ፋርማሲ ይገኛል?»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። አባባ ግን የጠየቀው ለቀልድ አልመሰለኝም።

የመቅመሻው ቀን አምስት ሳምንት ሲቀረው ለሥራ አስኪያጁ እንንገረው አልኩት። ተከራከረኝ፣ ሁለት ቀን አኮረፈኝ፣ በሦስተኛው ቀን ከረባቱን አስሮ «ነይ አብረሽኝ ግቢ» አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። ሥራ ላይ ይቸኩላል፣ ሰው ሲያናግር ስልኩን ይገለብጠዋል እንጂ አይዘጋውም። ጠረጴዛው ላይ ከማተሚያ ቤት የመጣ የጠርሙስ ወረቀት ናሙና ነበር፤ የአባባ ሥዕል አለበት፣ አፍንጫው ብርጭቆ ውስጥ ገብቶ።

አባባ ነገረው። በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የነገረው፤ ብዙ አላወራም።

ሥራ አስኪያጁ ተነስቶ በሩን ዘጋው። «ጋሼ፣ ይሄን ከእኔ ሌላ ማን ሰምቷል?»

«ልጄና ሐኪሟ።»

«ጥሩ። እኔም አልሰማሁም።»

«አይሸተኝም ነው እኮ የምልዎት። ሌላ ሰው ይፈለግ።»

«ግትሯን የሚያውቅ ሌላ ሰው ማን አለ? አንድ ስም ይንገሩኝና አሁኑኑ መኪና እልክለታለሁ።»

 ማንም አልነበረም።

«እንግዲያው ለሌላ ዓመት ይተላለፍ።»

«ጥሪው ወጥቷል፣ ወረቀቱ ታትሟል። ባለቤቶቹ ቀኑን ቆርጠዋል።» ድምፁን አለዘበ። «ምላስዎ አለ አይደል? ሠላሳ ስምንት ዓመት ልምድ የት ይሄዳል? እርስዎ ይሄ ነው ካሉ ይሄ ነው። ማን ይከራከርዎታል?»

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ አባባ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ እኮ» አለ። የተናደደ አይመስልም ነበር፤ ግራ የገባው ነው የሚመስለው።

ያን ጊዜ ነው የእኔን አፍንጫ እንጠቀም የሚል ሐሳብ የመጣለት። ከአምስቱም በርሜል በትንንሽ ጠርሙስ ቀድቶ ወደ ቤት አመጣ። እሑድ ጠዋት እናቴ ገበያ እንደወጣች የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ወልውሎ ነጭ ወረቀት አነጠፈበት፣ አምስት ብርጭቆ ደረደረ፣ ከአንድ እስከ አምስት ጻፈባቸው። እኔ በቀማሹ ቦታ ተቀመጥኩ፣ እሱ ደብተርና እርሳስ ያዘ። ቦታ ተለዋወጥን።

«አንደኛውን አሽቺ። ምን ይሸታል?»

«ወይን።»

«ወይን መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ። ሌላስ?»

«ጠንካራ ወይን።»

እርሳሱን አስቀመጠ፤ ትንሽ ተነፈሰና መልሶ አነሳው። «እሺ ቀስ በይ። ሁለተኛውን ደግሞ። የትኛው ቶሎ ይለቅሻል?»

ሁለተኛው ቶሎ አይለቅም ነበር፤ ያን አየሁ። «እንደ ብርቱካን ነገር» አልኩ፤ ደስ አለው፣ ጻፈ። ግን ቀና ብሎ ሲያየኝ፣ ብርቱካኑን ያገኘሁት ከብርጭቆው ይሁን አሥራ አንድ ዓመት ከጻፍኩት ደብተር ይሁን እኔም አላወቅኩም። ነገርኩት። ደስታው ወዲያው ጠፋ፤ ሰረዘው።

አራተኛው ጋ ስደርስ ግን አንድ ነገር ተሰማኝ፤ ከሌሎቹ የተለየ።

«ይሄ የአሮጌ ቁም ሣጥን ሽታ አለው» አልኩ።

ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «ምን ዓይነት ቁም ሣጥን?»

«አሮጌ።»

«ደረቅ ነው እርጥብ?»

«ቁም ሣጥን ነዋ፣ አባባ።»

«ልብስ ያለበት ነው ባዶ? ሲከፈት ነው የሚሸተው ሲዘጋ? የተወለወለ እንጨት ነው ወይስ የሻገተ?» ተነስቶ ከኋላዬ ቆመ። «ስሚኝ ልጄ። ግትሯ በደንብ ስታረጅ አሮጌ እንጨት፣ አሮጌ እንጨት ትላለች፤ ከዚያ የሚበልጥ ሽታ የላትም። በርሜሉ ሲበላሽ ደግሞ ወይኑ እርጥብ ካርቶን፣ ምድር ቤት፣ ሻጋታ ይላል። ለማያውቅ ሰው ሁለቱም አሮጌ ቁም ሣጥን ናቸው። አንዱ ምርጡ ነው፣ አንዱ የሚደፋ። የትኛው ነው?»

እንደገና አሸተትኩ። ዓይኔን ጨፍኜ አሸተትኩ። ውጭ ወጥቼ አየር ወስጄ ተመልሼ አሸተትኩ። ፈቅዶልኝ ጎነጨሁም፤ በጎነጨሁት ቁጥር ጉሮሮዬን አቃጠለኝ፣ ራሴም መዞር ጀመረ። ሽታው አለ፤ እዚሁ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ግን ስም የለውም። ስሙ ያለው እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሽታው አይደርስም።

«አላውቅም» አልኩት። «አባባ፣ በሞቴ አትጠይቀኝ። አላውቅም።»

ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደ፤ እሱም አሸተተው። ከዚያ ጎነጨ፣ ምላሱ ላይ ለረጅም ጊዜ አቆየው። «ጣፋጭ ነው። ትንሽ ይመራል። ያቃጥላል» አለ። «እዚህ ድረስ ነኝ።» አምስቱንም ብርጭቆ አጠባቸው። እናቴ ስትመለስ በጠዋቱ መጠጥ መጠጥ የሸተተው ቤት ምን ሆኖ ነው ብላ ጮኸችብኝ፤ እሱም ሰምቶ ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን አንጀት የሚበላ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ከባለቤቶቹ ሦስቱ መጥተው ወንበር ተደረደረላቸው። ናሙናውን ከምድር ቤት ያመጡት በርሜል ጠጋኙ ናቸው፤ ከአባባ ጋር አብረው የተቀጠሩ፣ አብረው ያረጁ ጓደኛው። አባባ ነጩን ካፖርት ለብሶ ገባ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሳ፣ አሸተተ፣ አረፈ፣ አሸተተ፣ ጎነጨ፣ ተፋ። ከዚያ ተናገረ፤ እኔም ጻፍኩ። አንደኛውን እንደጨረስኩ እጄ ላይ አንድ ነገር ታወቀኝ። ያለውን ቃል ከዚህ በፊት ጽፌዋለሁ። ሁለተኛው ላይ ደግሞ ጥርጣሬ አልቀረኝም፤ ካቻምና ስለዚያው በርሜል የተናገረውን ቃል በቃል እየደገመው ነበር። ደብተሮቹን ሙሉ ሳምንት ሸምድዷቸዋል ማለት ነው። ባለቤቶቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። አንዷ እያስተዋለች «እንዴት ያለ ስጦታ ነው» አለች አጠገቧ ለተቀመጠው።

አራተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ጎነጨ፣ አፉ ውስጥ ያዘው፣ ሳይተፋው ወደ እኔ ዞረ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እየቀመሰ ወደ እኔ ዞሮ አያውቅም። የሚጠይቀኝን አውቃለሁ፤ የምመልስለት ግን አልነበረኝም። ዓይኔን ደብተሩ ላይ ተከልኩ።

ተፋው። አምስተኛውንም ቀመሰ። ከዚያ «አራተኛው» አለ። አጨበጨቡ።

አውቶቡስ ውስጥ ነው ምክንያቱን የነገረኝ። «ባለፈው ዓመት ስለ አራተኛው ምን እንዳልኩ ታስታውሺያለሽ? ‹ዓመቱን በደህና ካለፈ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው› ብዬሻለሁ። ያን ያልኩት በደህናው አፍንጫዬ ነው። ታዲያ ከአምናው እኔና ከዘንድሮው እኔ ማንን ልመን?» መልስ አልጠበቀም፤ መስኮቱን እያየ ሄደ።

አራተኛው በርሜል ጠርሙስ ገባ። የቀሩት አራቱ አንድ ታንከር ውስጥ ተገልብጠው ተቀላቀሉ። ከዚያ በኋላ አባባ አዲስ ነገር ጀመረው፤ ያገኘውን ሰው ሁሉ «ቀመስከው? እንዴት ነው?» ይላል። ሥራ አስኪያጁ «ግሩም» አለው። ከባለቤቶቹ አንዱ «እንባዬ መጣ» አለው። የሒሳብ ሠራተኞቹ፣ ሾፌሮቹ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር፣ ሁሉም ግሩም ነው አሉት። እሱ ነዋ የመረጠው። አፍንጫው ምርጥ ነው ያለውን ማን ደፍሮ አይደለም ይላል? እናቴ ያን ጊዜ ነገሩን ሰምታ ነበር፤ በትንሿ መለኪያ ቀምሳ «ጣፋጭ ነው» አለችው፤ ከልቧ ነው፣ የምታውቀው ያንኑ ነው። እውነቱን ሊነግረው የሚችለው ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ራሱ ነው፤ ያም ሰው አሁን አያሸትም።

ሰባት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት በርሜል ጠጋኙ ጽሕፈት ክፍል ድረስ መጥተው በእጃቸው ጠሩኝ። ወደ ምድር ቤት ተከትያቸው ወረድኩ። ባዶውን አራተኛ በርሜል ለጥገና ቀለበቱን አውልቀው በታትነውታል፤ ጣውላዎቹ ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። ከሥር በኩል ያለውን አንዱን ገለበጡልኝ። ውስጡ ጠቁሯል፤ በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት እንደ ዳቦ ሰረገደ።

«አሽቺው እስቲ» አሉኝ።

ጎንበስ አልኩ። ያው ነው። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያሸተትኩት ራሱ ነው። ያን ጊዜ ቃሉ ያለ ችግር መጣልኝ፦ እርጥብ። እርጥብ ነው፣ አባባ። ደረቅ አይደለም።

«ይሄን አባትሽ በደህናው ቀን ቢሆን ደረጃው ላይ ሆኖ ያውቀው ነበር» አሉ። ስለ አፍንጫው አልነገርናቸውም፤ እሳቸው ግን ሰው ሳይነግራቸው አውቀዋል። «ሁለተኛው ነበር የሚሻለው ይመስለኛል። እሱም ከሌሎቹ ጋር ሄደ። ትነግሪዋለሽ?»

«እርስዎ ይንገሩት።»

«እኔ አልችልም። አርባ ዓመት ጓደኛዬ ነው።»

«እኔስ ልጁ አይደለሁ?»

ጣውላውን አስቀምጠው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። 

የነገርኩት እኔ ነኝ። እቤት ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር እየለወጠ ነበር። ስጀምር እጁ ቆመ፤ ስጨርስ ክሩን በቀዳዳው አሾልኮ እስከ መጨረሻ አሰረው።

«የትኛው ጣውላ ነው?»

«ከሥር። ከወለሉ በኩል ሦስተኛው።»

«አዎ። እዚያ ጋ ወለሉ ውሃ ይቋጥራል። ባለፈው ክረምት በርሜሉን አስነሱልኝ ብዬ ነበር።» ቀና አላለም። «ጠጋኙ ሌላ ምን አለ?»

ስለ ሁለተኛው ላለመናገር አስቤ ነበር። ግን አሥራ አንድ ዓመት ከእሱ አፍ አንድ ቃል ሳላስቀር ስጽፍ ኖሬ አሁን መቀነስ አልሆነልኝም። ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀ። 

በማግሥቱ ከረባቱን አስሮ እንደገና ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባን። ጠርሙሶቹ ይሰብሰቡ አለው። የተበላሸ ነው፣ ስሜና ሥዕሌ ያለበት ነው፣ ይመለስ።

ሥራ አስኪያጁ እስኪጨርስ ሰማው። «ጋሼ፣ ከጥቂቱ በቀር ተሸጧል። የቀረውም ዛሬ ይጫናል። አንድ ሰው እንኳ አልተማረረም። ሌላ የለም ወይ የሚሉ ደብዳቤዎች ናቸው የሚመጡልኝ። ማንን ቅር ብሎት ነው የማስመልሰው?»

«እኔን።»

«እርስዎ እኮ አይሸትዎትም፣ ጋሼ።»

ለክፋት አልነበረም ያለው። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ እሱም ደነገጠ፤ ስልኩን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠው። አባባ ግን አልተቆጣም። ሰውዬው የተናገረው እውነት ነው። «እሱስ ነው» አለና ተነሳ።

ግቢው ውስጥ መኪናው በእርግጥም እየተጫነ ነበር። ከጫኞቹ አንዱ ካርቶን ተሸክሞ እያለፈ «ጋሼ አፍንጫው፣ ጉድ የሆነ ነገር ነው የመረጡት እየተባለ ነው» አለው። አባባ «አመሰግናለሁ» አለ፤ መንገድ እንዳይዘጋበትም ወደ ግድግዳው ተጠጋለት።

በሩን ወጥተን ወደ ፌርማታው ስንሄድ መንገድ ላይ ቆመ። የሰው አጥር ሥር ካለች ዝቅ ያለች ግንብ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። አውቶቡስ መጣ፣ አልተነሳም። ሁለተኛም መጣ፤ እሱንም አሳለፍነው። አንዳንዴ «ያን ለት በባለቤቶቹ ፊት አይሸተኝም ብዬ ብናገር ኖሮ…» ይጀምርና ይተወዋል። ቢናገር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እኔም አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ አልሰማሁም ይል ነበር፤ ባለቤቶቹ ትሑት ሰው ነው ይሉ ነበር፤ አራተኛው ወይም ሌላው በዕጣ ይወጣ ነበር።

«እማዬ ትጨነቃለች፣ እንሂድ» አልኩት፤ ክንዱን ይዤ አነሳሁት።

በወሩ መጨረሻ ጡረታ ወጣ። መቅመሻ ክፍሉን የሽያጭ ቢሮ አደረጉት፤ እኔም እዚያው ደብዳቤ እተይባለሁ። አፍንጫው እስካሁን አልተመለሰለትም። ሐኪሟ ዘንድ በየሦስት ወሩ እንሄዳለን፤ ብልቃጦቿን ታቀርብለታለች፤ ዓይኑን ጨፍኖ ለእያንዳንዱ ጊዜ ሰጥቶ፣ አረፍ እያለ፣ በትጋት ያሸታል።